በቀን አንድ ወረቀት

ዓይን ሐጀል፣ የድሩዝ ተራራ፣ 1925 እ.ኤ.አ.

ተሙዝ 9

ከተፈታሁ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኔ። ይህን ደብተር ወንድሜ ሰልማን ከስዌይዳ ገበያ አመጣልኝ። «ወይ አልቅሺበት ወይ ጻፊበት፤ ብቻ ሊጥ እያቦካሽ ከራስሽ ጋር መጨቃጨቁን ተዪ» አለኝ። ለማልቀስ ወረቀቱ ስስ ነው።

እንዴት እንደተፈታሁ ልጻፍ፤ መንደሩ በሰባት ዓይነት ስለሚያወራው አንድ ትክክለኛ ቅጂ ይኑር። ባሌ ሸኽ ጀድዓን፣ የመንደራችን ፈረሰኞች አለቃ፣ በእንግዳ አዳራሹ ለሃያ ሰው ከቱርክ ጋር ስለተዋጋበት ቀን ያወራል። በዘንድሮው ወሬ አራት ወታደር ገደለ። አምና ሁለት ነበሩ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ፣ «እናትህ እንደነገረችኝ ያን ቀን ሆድህን አሞህ የሮማን ልጣጭ ተፈልቶልህ ተኝተህ ነበር» አልኩ። ሃያ ሰው ሳቀ። ሃያ አንደኛው «ፈትቼሻለሁ» አለ።

በኛ በድሩዞች ዘንድ ይህ ቃል ከአፍ ከወጣ መመለሻ የለውም። ሽማግሌ አያስታርቀውም፣ ዓመት አያስረሳውም። የተፋቱ ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር አይቀመጡም፣ አይተያዩም፣ ቃል አይለዋወጡም። በማግስቱ ጠዋት ጀድዓን ተጸጽቶ ነበር አሉ። ቁርሱ አርሮ ነበርም አሉ።

አሁን ያለሁት በሰልማን ቤት ነው። የሰልማን ቤትና የጀድዓን አዳራሽ በአንድ ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ ይዋሰናሉ። የአምስት ዓመቷ ልጄ ሸማ ከግድግዳው ወዲያ ናት። ልጅ የአባቷ ናት ይላሉ። ስታስል ግን የሚሰማው እዚህ ነው።

ተሙዝ 14

ውኃ ልቀዳ ወደ ኩሬው ወረድኩ። ሴቶቹ እንስራቸውን ወደየራሳቸው ሳቡ። ኡም ጀድዓን፣ የቀድሞ አማቴ፣ ለእንስራዋ እንዲህ ብላ ነገረችው፦ «ቤይሩት ድረስ ሄዳ ስድስት ዓመት ከመነኮሳት ጋር ተማረች። መቼ ዝም እንደሚባል ግን አላስተማሯትም።»

«አስተምረው ነበር፣ እትዬ። ያን ቀን ቀርቼ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ፤ እስከ ቤት ድረስ። ከዚያ ግን ሸማን ዛሬ የምታበላት ይህቺው ሴት መሆኗ ትዝ አለኝ። አንድ ቀን ምላሴን ቆርጬ ለውሻ ብሰጠው ውሻው ይነክሰኛል።

ወንዶቹ ስለ ፈረንሳዮች ያጉረመርማሉ። በጉልበት መንገድ ያስጠርጉናል፤ መንገዱ የሚያመጣው እነሱኑ ነው። በኒሳን ወር፣ ከሦስት ወር በፊት፣ ሰልማንና ሁለት ጓደኞቹ ይህን ከፍ ባለ ድምፅ ስለተናገሩ አርባ ቀን ታሰሩ። ሰልማን ሁለት ጣቱን ሰብረውት መጣ። ማን እንደጠቆመባቸው አልታወቀም። ጀድዓን ዶሮ አስጠብሶ እስር ቤት ድረስ ሁለት ጊዜ ጠየቀው። ሰልማን ያን ዶሮ እስካሁን ያመሰግናል።

ተሙዝ 22

ትናንት ጦርነት ተጀመረ። ከምንጩ አጠገብ የሠፈረ የፈረንሳይ ጦር ነበር። የአምስት መንደር ፈረሰኛ ወረደበት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም ይላሉ። ሰልማን ደህና ነው። ጀድዓንም ደህና ነው፣ የጠየቀኝ ባይኖርም። ቁስለኛ ብዙ ነው። ቀሚሴን ለማሰሪያ ቀደድኩ። ሌላው በኋላ።

ተሙዝ 24

ድል ነው። እውነተኛ ድል፤ በዚህ አልቀልድም። የእህል ማጭድ የያዙ ሰዎች መትረየስ ማርከው ሲመጡ አይቻለሁ፤ አልቅሻለሁም። ከዚያ መሪዎቻችን ስብሰባ ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን የተወያዩት ባንዲራውን በሚቀጥለው ውጊያ የትኛው መንደር ይሸከም በሚለው ነው። በሁለተኛው ቀን ስለ መጀመሪያው ቀን ስድብ ይቅርታ ተጠያየቁ።

ጀድዓን ከሞተ መኮንን ላይ የቆዳ ቦርሳ ወስዷል። ሁለት ቀን በኮርቻው ላይ አንጠልጥሎ በመንደሩ ዞረበት። ዛሬ አንድ ሰው ቢከፍተው ወረቀት ሞልቶታል፤ አብዛኛው በፈረንሳይኛ። በአምስቱም መንደር ፈረንሳይኛ የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ አለ። ሰውየው ሴት ናት። ከተፈታች ሠላሳ ስምንት ቀኗ ነው።

በግድግዳው በኩል ጸጥታውን ሰማሁት። እንደዚያ የሚጣፍጥ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ተሙዝ 25

ሸኽ አቡ ነጂብ መጡ። የሃይማኖት ሰው ናቸው፣ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አይዋሽም፣ ሲጠየቅም አይደብቅም። ስለዚህ በተጣላ ሰው መካከል የሚላኩት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። ከጀድዓን በር እስከ ሰልማን በር ሃያ እርምጃ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሱበት።

«ልጄ፣ ‹ለሀገር ብላ ታንብብልን› ይላል።»

«ሀገር ማለት ማነው? እሱ ነው?»

ሄዱ። ተመለሱ። «‹ሁላችንም ነን› ይላል።»

«እንግዲያው ሸማም ሀገር ናት። ሀገሬን ላስተኛት ይበሉልኝ።»

ጀድዓን ሲጮህ በግድግዳው እሰማዋለሁ። እሱም ይሰማኛል። ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆነን ሽማግሌውን እንጠብቃለን።

«‹በሀገር ጉዳይ ድርድር የለም› ይላል» አሉና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ፈረንሳይኛው ጠፍቶብኛል ይበሉልኝ። ሐዘን ያስረሳል።»

«ልጄ፣ ይሄ ውሸት ነው። ውሸት ተሸክሜ ሃያ እርምጃ አልሄድም።»

«እሺ፤ ‹ታውቃለች፣ ግን አላነብም አለች› ይበሉት።»

«ይሄ እውነት ነው» ብለው ተነሡ።

ስምምነቱ ይህ ሆነ፦ ቦርሳው እኔ ጋ ይቀመጣል፤ በቀን አንድ ወረቀት። ወረቀት በሚነበብበት ቀን ሸማ ከጠዋት እስከ ማታ እኔ ጋ ትውላለች። ጀድዓን «ለምን በቀን አንድ ብቻ?» ብሎ አስጠየቀ።

«ፈረንሳይኛ ለማያውቀው ሰው ከባድ ቋንቋ ነው ይበሉልኝ።»

ሸኽ አቡ ነጂብ ትንሽ አሰቡ። «ይሄስ እውነት ነው» ብለው ሄዱ።

ተሙዝ 28

ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ቀን ከሸማ ጋር። የመጀመሪያው መኮንኑ ለእናቱ የጻፈው ነው፤ የወይራ ዘይታችን ሆዱን እንደረበሸው ይነግራታል። ሁለተኛው ስለ በቅሎ ኮቴ። ሦስተኛው ስለ በቅሎ ኮቴ ለተጻፈው ደብዳቤ መልስ አለመምጣቱን። ጀድዓን በወዲያ በኩል ለተሰበሰበው ሰው «ምስጢር ነው፣ ዝርዝሩን መናገር አልችልም» ሲል ሰማሁት።

ሸማ ጠጉሯን ስሠራላት «አባባ ስምሽ ሲነሣበት አይወድም፣ አያቴ ግን ስምሽን ስትጠራ ትተፋለች» አለችኝ። ልጅ ነገር አያሳምርም። ዲብስ፣ የወይን ማር፣ በዳቦ ሰጠኋት። እጇን አላጠብኩላትም፤ ሽታው እዚያም ይከተላት ብዬ ነው። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ተሙዝ 30

የዛሬው ወረቀት ፈረንሳይኛ አይደለም። በኛው ቋንቋ፣ በከተማ ጸሐፊ እጅ የተጻፈ ነው፤ ትርጉሙ በፈረንሳይኛ ከጀርባው ተያይዟል። የተጻፈው በኒሳን ወር፣ ለፈረንሳዩ ሹም ነው። «በመንደሬ ሰው የሚያሳምፁ ሦስት ናቸው» ይልና ስማቸውን ይዘረዝራል። የመጀመሪያው ሰልማን ነው። ከዚያ ጸሐፊው የመንግሥት ታማኝ አገልጋይ መሆኑን፣ የመንደሩ ሹመትም ለእሱ ቢሰጥ እንደማያሳፍር ይገልጻል። ከታች ሐምራዊ ማኅተም አለ።

ጀድዓን ማንበብ አይችልም። የማኅተም ቀለበቱን ግን ሲተኛም ከጣቱ አያወልቅም፤ ከሺህ መካከል በርቀት ይለየዋል። እኔም እለየዋለሁ፤ ስድስት ዓመት ጉንጬ ላይ ሲያርፍ ነበር።

ደብዳቤውን ሁለት ቀን በራሱ ኮርቻ ላይ አንጠልጥሎ ዞሯል። ይህን ሳስብ ሳቄ መጣ። ሸማ «ምን ያስቅሻል?» አለች። «በቅሎ» አልኳት። ለሸኽ አቡ ነጂብም ሌላ ወረቀት አውጥቼ ስለ በቅሎ አነበብኩላቸው።

ተሙዝ 31

የታጠቅኩት መሣሪያ ጥሩ ነው። ችግሩ መተኮሻ የለውም።

ለጀድዓን «ልጄን ስጠኝ፣ አለበለዚያ ይህን አወጣዋለሁ» ማለት አለብኝ። መናገር አልችልም፤ ክልክል ነው። ልጽፍለት አልችልም፤ አያነብም። በመልእክተኛ ልልክ አልችልም፤ መልእክተኛው ለሚጠይቃቸው ሁሉ እውነቱን የሚመልሱ ብቸኛው ሰው ናቸው። ለሰልማን ብነግረው ጀድዓንን ይገድለዋል። የጀድዓን አጎቶች ሰልማንን ይገድሉታል። ሸማ ለአያቷ ትቀራለች።

ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት፣ ሦስት ቋንቋ። አንድ ወንድ ማስፈራራት አቃተኝ።

አብ 4

ሁለተኛ ውጊያ፣ ሁለተኛ ድል፤ ይኼኛው የባሰ ትልቅ። ከሜዳው የመጣው ታላቅ ጦር መድፉን ጥሎ ሸሸ። ጀድዓን በጠዋቱ ሲዘምት በቀኝ ነበር፣ ሲመለስ ግን በሁሉም አቅጣጫ እንደነበረ ተረዳን። መድፍ በእጁ ገለበጠ አሉ። ሰልማን ራሱ ነው የሚያወራው።

«አየሽው አይደል፣ ወንድ ነው!»

«ስንት ሰው አብሮ ገለበጠ?»

«እቴ፣ ለፈታሽ ሰው ያለሽን ቂም በሀገር ላይ አታውጪ። ስታሰር ማን ጠየቀኝ? እሱ ነው።»

«ዶሮ ይዞ።»

«ዶሮ ይዞ!»

ደብዳቤው በደረቴ ውስጥ ነበር። አንድ ክንድ አይርቀውም። ዝም አልኩ። ኡም ጀድዓን ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር፤ በመጨረሻ ዝም ማለት ተማርኩ።

አብ 9

አሥራ ሦስተኛውን ወረቀት ዛሬ ጨረስኩ። አሥራ አራተኛው ደረቴ ውስጥ የደበቅኩት ደብዳቤ ነው። ሸማ ስትሄድ «ነገ ስንተኛው ነው?» አለች።

«አሥራ አምስተኛው» አልኳት።

ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ።

አብ 21

መኮንኑ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከሞተ በኋላ ብዕሩ ተፈታለት። አሁን ስለ እኛ ጀግንነት ይጽፋል፤ ስለ በቅሎ ትቷል። ጀድዓን መንደር ውስጥ በሚውልበት ቀን ሁሉ አንድ ወረቀት አለ። ቦርሳው ለምን እንደማያልቅ የጠየቀ የለም። ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት አይቆጥርም።

የሚከብደኝ አንድ ነገር ነው። ሸኽ አቡ ነጂብ ጎንበስ ብለው ይሰሙኛል፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይይዙታል፣ ሃያዋን እርምጃ ይሄዳሉ፣ ቃል ሳያጎድሉ ያደርሱታል። ሰባ ዓመት ሳይዋሹ ኖረው በኔ እጅ ዋሾ ሆኑ። አያውቁትም። የማያውቀው ሰው አልዋሸም ይላሉ መጻሕፍቱ። አንብቤያለሁ፤ ሁለት ጊዜ።

አይሉል 12

ጀድዓን አስጠየቀ፦ «ሜዳው ላይ ስለሠፈረው ጦር የሚናገር ወረቀት የለም ወይ?» ሸማ ጉልበቴ ላይ ተኝታ ነበር። ትኩሳት አላት። ወረቀት ከሌለ ትሄዳለች።

«አለ» አልኩ።

ወታደሮቹ ደክመዋል፣ አጥሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ቢመቷቸው ይሸሻሉ ብሎ መኮንኑ ይሰጋል አልኩ። ሸኽ አቡ ነጂብ ተሸክመውት ሄዱ። በግድግዳው ወዲያ ፉከራው ተነሣ።

ሸማ ላቧ ወጣ፤ ትኩሳቱ በረደላት።

አይሉል 16

ፈረሰኞቹ ወደ ሜዳው ወረዱ። መሪዎቹ ሁሉ ተስማምተውበት ነው፤ ከሌላ መንደርም አሉ። መሪ በአንድ ወረቀት ጦርነት አይሄድም። ሰልማን ኮርቻውን ሲያስር «ምን አንገትሽን ደፋሽ፣ የታወቀ ነገር ነው፣ ጎህ ሲቀድ ይሸሻሉ» አለኝ።

«ማን አለ?»

«ወረቀቱ ነዋ! አንቺው አንብበሽው!»

ያን ጊዜ ልናገር ይገባኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ካባህን ያዝ፣ ሜዳው ይበርዳል» አልኩት።

አይሉል 18

ሰልማን ሞተ።

አይሉል 19

አሥራ ሰባት ሰው ከአንድ መንደር። አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ነበር። መትረየስ በየማዕዘኑ። አልሸሹም።

መሪ በአንድ ወረቀት ጦርነት አይሄድም። ይህን ማንም ያውቃል።

አይሉል 22

ቦርሳው የተማረከው በተሙዝ ነው። ጦሩ ሜዳው ላይ የሠፈረው በአይሉል። ወረቀቱ ስለሌለ ጦር ሁለት ወር ቀድሞ ተናገረ፤ ከሽማግሌው፣ ከአለቃው፣ ከፈረሰኛው አንድም ያስተዋለ አልነበረም። እኔስ? አስተውዬ ነበር ማለት አልችልም። አላስተዋልኩም ማለትም አልችልም።

ደብዳቤውን በአብ 4 ለሰልማን አሳይቼው ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰው ባንዲራ ሥር አይሄድም ነበር። በቀል ውስጥ ይገባ ነበር፤ ምናልባት ይገደል ነበር። ምናልባት ግን ዛሬ ሳቅ ሳቅ እያለው «ሊጡን ተዪው» ይለኝ ነበር።

ጀድዓን ቆስሎ ተመልሷል፤ ጭኑን። ጥይቱ የገባው ከኋላ ነው። ኡም ጀድዓን «ሰው ሊያዋጋ ዞሮ ነው» ትላለች። በለቅሶው ላይ በሸኽ አቡ ነጂብ በኩል መልእክት ላከልኝ፦ «ሰልማን ወንድሜ ነበር።»

«ሰማሁ ይበሉት» አልኩ። ይህ እውነት ነው።

አይሉል 27

የሰልማን ቤት ለአጎቴ ልጆች ይሆናል፤ ወንድ የሌለበት ቤት ሲሉ ሰማሁ። እኔ ከተራራው ማዶ፣ ሹፍ ወዳሉት የእናቴ ዘመዶች እሄዳለሁ። ወስነውልኛል። ከወሰኑት መካከል አንዱ «ለሷም ይሻላታል» አለ። ዘወር ብዬ ያላትን «እሷ» ፈለግኳት።

ሸማ ትቀራለች። ይህን ለመወሰን ስብሰባ እንኳ አላስፈለገም።

ቲሽሪን 3

አውሮፕላን። ሦስት ጊዜ በሁለት ቀን። የእንግዳ አዳራሹ ጣራ ተደረመሰ፤ የጋራው ግድግዳ ለሁለት ተሰነጠቀ። መንደሩ በሙሉ ከጥቁሩ የድንጋይ ሜዳ ውስጥ ያለው ዋሻ ገብተናል። በጎች፣ ቁስለኞች፣ ሕፃናት። ጀድዓን በቃሬዛ። እኔም።

ፈንጂ ከላይ ይወርዳል፣ ሽማግሌዎቹ ከታች ይከራከራሉ፤ ዋሻ ጣራ ነው ወይስ አይደለም?

«ጣራ ማለት ሰው የሠራው ነው። ይሄን አላህ ነው የሠራው።»

«ታዲያ አላህ የሠራው ጣራ አነሰ?»

«እሷ ትውጣ።»

«ወዴት ትውጣ፣ ወደ አውሮፕላኑ?»

«እሱ ይውጣ» አልኩ እኔ። ማንም አልሰማኝም፤ ወይም ሁሉም ሰምቶ ፈንጂ መሰለው። በመጨረሻ በገመድ ምንጣፍ ሰቀሉ። እሱ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ፣ በመውጫው በኩል። ዋሻው ሁለት ቤት ሆነ። ሃይማኖታችን ተረፈ።

ሸማ ምንጣፉን ገለጥ እያደረገች ታየኛለች። ኡም ጀድዓን ደግሞ በቀሚሷ ትስባታለች።

ቲሽሪን 4

ከደማስቆ ወደ አማፂዎቹ የመጣ ሐኪም አለ፤ ቁስለኛ ሊያይ መጣ። ፈረንሳይኛ ያውቃል። ስለ ቦርሳው ሰምቶ በደስታ ዘለለ። «ነገ ይዤው ወደ ዋናው ሠፈር እሄዳለሁ፤ እንዴት ያለ ሀብት ነው!» አለ።

እኔ ጋ ያሉት አሥራ ሦስት፣ አብዛኞቹ ስለ በቅሎ የሚያወሩ ወረቀቶች ናቸው። የኔን የፈጠራ ወረቀቶች ከለቅሶው ማግስት አቃጥያቸዋለሁ። አሥራ አራተኛው ደረቴ ውስጥ ነው። ከነገ በኋላ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ሸማ የለችም። ከነገ ወዲያ ደግሞ ለመንገዴ በቅሎ ይጫንልኛል።

ቲሽሪን 5

ዛሬውኑ ልጻፈው።

ጠዋት ሸኽ አቡ ነጂብ ምንጣፉን ዞረው መጡ። «ልጄ፣ ቦርሳው ሳይሄድ ጀድዓን አንድ የመጨረሻ ወረቀት ይነበብ ይላል። ለሁሉም ሰው፣ ጮክ ተብሎ። የሰው ልብ ወድቋል።»

«ሐኪሙ ያንብባ።»

«ሐኪሙ ከላይ ቁስለኛ ያያል። ደግሞ ሕዝቡ ያንቺን ድምፅ ለምዷል።»

ከመውጫው ብርሃን ጋ ቆምኩ። መንደሩ ሁሉ ተቀመጠ። የአሥራ ሰባቱ መበለቶችና እናቶች ከፊት ነበሩ። ደብዳቤውን ከደረቴ አወጣሁ።

የተፈታችን ሴት ማየት ክልክል ነው። ወረቀት ማየት ግን የከለከለ የለም። እጄን ከምንጣፉ ጠርዝ ወዲያ አሳለፍኩና ወረቀቱን በጠርዙ አልፎ በሚገባው ብርሃን ላይ ዘረጋሁት፤ ጽሑፉን ሳይሆን ግርጌውን። «ዓይኔ ደከመ፣ ወደ ብርሃን ላስጠጋው» አልኩ። ማኅተሙ እንደ ወይን ፍሬ ሐምራዊ ሆኖ በራ።

ከምንጣፉ ወዲያ ቃሬዛው ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ።

እጄን ቀስ ብዬ መለስኩ። መነኮሳቱ ያስጠኑኝን የግሥ እርባታ በፈረንሳይኛ አነበነብኩ፤ እኔ እሄዳለሁ፣ አንተ ትሄዳለህ፣ እሱ ይሄዳል። ሰው ሁሉ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ።

«የመጀመሪያው ገጽ ሰላምታ ነው» አልኩ። «ዋናው ነገር ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። የወንድሜም ስም አለበት። ግን እንባዬ ይጋርደኛል፤ ልጄ አጠገቤ ብትቆም ማንበብ እችል ነበር።»

«እንዴ! ምን ያለ ነገር ነው!» አለች ኡም ጀድዓን። «ልጅ መነጽር ነው?»

ጀድዓን ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁን ያለ ግድግዳ ስሰማው ከተፋታን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። «ሸኽ አቡ ነጂብ፣ ልጅቷን ያሳልፏት።»

«ወረቀቱ እስኪነበብ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

እኔ ወረቀቱን አጠፍኩ፤ መልሼ ዘረጋሁት። ወረቀት ሲታጠፍ ድምፅ አለው።

«ለሁልጊዜ» አለ። «ከእናቷ ጋር ትሂድ። ሰው ሁሉ ምስክር ይሁን።»

ኡም ጀድዓን ጮኸች። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች «ጨዋ ነው፣ ልብ ያለው ነው!» ተባባሉ። አንዷም እንባዋን ጠረገችለት። ሸማ በምንጣፉ ሥር ሾልካ መጥታ ቀሚሴን ያዘች።

አሁን መክፈል የኔ ተራ ነበር። እነዚያ እናቶች ያዩኛል። እውነቱን ባነብ በዚያው ይገድሉታል፤ አጎቶቹ ይነሣሉ፣ ዋሻው ውስጥ ደም ይፈሳል፣ አውሮፕላኑን ማን ያስታውሰዋል? ይህን ሁሉ አሰብኩ ብል ደስ ይለኛል። ያሰብኩት ቀሚሴን የያዘችውን እጅ ነው።

«መኮንኑ እንዲህ ይላል» አልኩ። «‹በዚህ ተራራ ላይ ከሁሉ የምንፈራው አንድ ሸኽ ነው። ስሙ ጀድዓን ነው። ጥይት ፊቱን አይቶ ይመለሳል። ሰዎቹም ከሱ ያላነሱ ናቸው፣ ከእነሱም ሰልማን የሚባል አለ።›»

ዋሻው በእልልታ ተናጋ። የመንደሩ ገጣሚ እዚያው ግጥም ገጠመለት፤ ወንዶቹ እየተቀባበሉ ጨፈሩ። ፈረንሳይ ራሷ የመሰከረችለት ሰው! ከምንጣፉ ወዲያ ጀድዓን ሲያለቅስ ሰማሁ። ከደስታ ነው አሉ።

ሸኽ አቡ ነጂብ ብቻ አልጨፈሩም። ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከሩቅም ቢሆን የኛ ፊደል ከፈረንሳይ ፊደል እንደሚለይ ያውቃሉ። ጥያቄው ከንፈራቸው ላይ ደረሰ። ከዚያ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ወደ በጎቹ ሄዱ። ያልጠየቀ ሰው መመለስ የለበትም።

ቲሽሪን 6

ትናንት ማታ ለሐኪሙ አሥራ ሦስቱን ወረቀቶች ሰጠሁት። ከላይ ያሉትን ሦስት ቆሞ አነበበ።

«ይሄ… ስለ በቅሎ ነው።»

«አዎ ዶክተር። ጦርነት ያለ በቅሎ አይሆንም።»

አሥራ አራተኛውን አላቃጠልኩትም። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ሰነድ አላቃጥልም።

ቲሽሪን 8

መንገድ ላይ። በቅሎዋ ታነክሳለች። ከኋላችን ጭስ ይታያል፤ የማን መንደር እንደሆነ ነጂው ሊነግረኝ አልፈለገም።

ሸማ ከፊቴ ተቀምጣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዘፈን ትዘፍናለች፤ ጥይት ፊቱን አይቶ ስለሚመለስለት ሸኽ። ነጂውም ያውቀዋል። በሦስት ቀን ውስጥ ሜዳውን አቋርጦ ቀድሞናል። ዜማው ያምራል፤ ይህ ነው የሚያናድደው። ሳላውቀው በእግሬ ምት እየመታሁ ነበር።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ?»

«አዎ።»

«አጎቴ ሰልማንስ? እሱም በእውነት ወረቀቱ ላይ አለ?»

ደብዳቤው በደረቴና በጀርባዋ መካከል ነበር።

«በእውነት አለ» አልኳት። «ከሁሉም ቀድሞ የተጻፈው የሱ ስም ነው።»

ደስ አላት። ትንሽ አሰበችና እሱንም ዘፈኑ ውስጥ አስገባችው፤ ከአባቷ ቀጥሎ።